የጨጓራ ሽሮፕ ሆድ ውስጥ ስንት ደቂቃ ይቆያል? በራሴ ሆድ ያየሁት

ቱሉ ዲምቱ፣ ከአዳማው ፈጣን መንገድ የክፍያ በር ብዙም በማይርቅ ስፍራ፣ አነስተኛ መድኃኒት ቤት ከከፈትኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ደንበኞቼ በአብዛኛው የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች፣ የግንባታ ሠራተኞችና ሌሊቱን ሲነዱ አድረው የሚደርሱ የሲኖትራክ ሹፌሮች ናቸው። ከራስ ምታት ኪኒን ቀጥሎ አዘውትረው የሚጠይቁኝ ቃር የሚያስታግሰውን ነጭ ሽሮፕ ነው፤ ቅሬታቸውም ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ «ስጠጣው ወዲያው ይተወኛል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ተመልሶ ያቃጥለኛል።» አንዳንዱ መድኃኒቱ አስመስሎ የተሠራ መሆኑን ይጠረጥራል፣ አንዳንዱ ጠንከር ያለ እንድሰጠው ይለምነኛል፣ አንዳንዱም ጠርሙሱን ኪሱ ይዞ በየሰዓቱ ይጎነጫል። እኔ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የጠርሙሱ ሳይሆን የሰዓቱ መሆኑን አውቃለሁ፤ የማውቀውም ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ይኸው ሽሮፕ ከገዛ ጨጓራዬ ሲወጣ በካሜራ ስላየሁት ነው።

ነገሩ የሆነው ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር በነበርኩበት ጊዜ ነው። የትምህርት ክፍላችን የአሲድ ማርከሻ መድኃኒቶች ከጨጓራ ምን ያህል ፈጥነው እንደሚወጡ የሚያጠና ቡድን ነበረው፤ ጤነኛ የሆኑ፣ ሲጋራ የማያጨሱና ምንም ዓይነት የጨጓራ መድኃኒት የማይወስዱ ፈቃደኞች ይፈልግ ስለነበር ስሜን አስመዘገብኩ። አሠራሩ ሲነገር ያስፈራል፤ ሲታይ ግን ቀላል ነው። በሽሮፑ ውስጥ ጥቂት ቴክኒሺየም-99ኤም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ይቀላቀላል፣ ሰውየው ይጠጣዋል፣ ከዚያም ጋማ ካሜራ ከውጭ ሆኖ ጨረሩ የት እንዳለ ይከታተላል። ካሜራው ራሱ ምንም ጨረር አይለቅም፤ ከሰውየው የሚወጣውን ብቻ ይቀበላል። ይህን ለእናቴ የነገርኳት ጥናቱ ካለቀ ከአንድ ወር በኋላ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ «ኑክሌር ጠጣ» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አዳርሳዋለች።

ቴክኒሺየም የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የምግብን ከጨጓራ መውጣት በጨረር መለካት እ.ኤ.አ. በ1966 በካርዲፍ፣ ዌልስ፣ ክሮሚየም-51 የተቀላቀለበት ቁርስ በማብላት ተጀመረ፤ ይሁን እንጂ የክሮሚየም-51 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ ወደ 28 ቀን ይጠጋል። የቴክኒሺየም-99ኤም ግማሽ ዕድሜ ግን 6 ሰዓት ብቻ ነው፤ ጠዋት የተጠጣው በማግስቱ ጠዋት በራሱ ጊዜ ወደ 16ኛ እጁ ይወርዳል። የሚለቀውም የጋማ ጨረር ካሜራው በጥሩ ሁኔታ ሊያየው የሚችል፣ 140 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ነው። ለእኔ የተሰጠኝ 4 ሜጋቤክሬል ሲሆን፣ በሆስፒታል ለአጥንት ምርመራ ከሚሰጠው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነበር።

የመጀመሪያው ጠዋት በባዶ ሆድ ነበር። ከማታ ጀምሮ ምንም አልበላሁም፤ ከሁሉ የከበደኝ ግን ቡና መከልከሌ ነው። ባለሙያዋ ከእርሳስ ከተሠራ ወፍራም ዕቃ ውስጥ ትንሽ ጠርሙስ አውጥታ በደንብ ነቀነቀችና 20 ሚሊ ሊትር ያህል በወረቀት ኩባያ ቀዳችልኝ። ጣዕሙ ያው የምናውቀው የኖራና የናና ጣዕም ነበር። ኩባያውን በውሃ አለቅልቃ ያንንም አስጠጣችኝና፣ ፊቱ ከትንሽ ምጣድ በማይተናነስ ክብ ካሜራ ፊት ለፊት አቆመችኝ፤ አንድ ጊዜ በደረቴ፣ አንድ ጊዜ በጀርባዬ በኩል እያዞረች በየጥቂት ደቂቃው ታነሳኝ ጀመር።

በመጀመሪያው ምስል ላይ ጨጓራዬ እንደ ባቄላ ፍሬ ጎበጥ ያለ ብሩህ ቅርጽ ሆኖ ታየ። ገና 10 ደቂቃ ሳይሞላ ከታችኛው ጫፉ ቀጭን ክር የመሰለ ብርሃን ተመዝዞ ወደ ትንሹ አንጀት መሄድ ጀመረ። በ25ኛው ደቂቃ ግማሽ ያህሉ ወጥቶ ነበር። አንድ ሰዓት ሲሞላ ጨጓራው ባለበት ቦታ የቀረው ጭላንጭል ብቻ ሆኖ አንጀቴ እንደ ተበታተነ ጥጥ ነጭ ነጭ ብሎ ይታይ ነበር። ከእኔ ቀጥሎ የገባው ፈቃደኛ ደግሞ ከእኔም ይበልጥ ፈጥኖ ጨረሰው። ባዶ ጨጓራ ከ90 እስከ 120 ደቂቃ በሚሆን ዑደት በውስጡ የቀረውን ሁሉ ጠርጎ ወደ አንጀት የሚያወጣ ብርቱ ሞገድ አለው፤ ሽሮፑ የተጠጣው ያ ሞገድ ሊመጣ ሲል ከሆነ ሥራውን ሳይጀምር ተጠርጎ ይሄዳል። «ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሶ ያቃጥለኛል» የሚሉኝ ደንበኞቼ የሚናገሩት በካሜራ ያየሁትን ነገር ነው።

ሁለተኛው ቀን ተበላሸ፤ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። ኩባያውን ከአፌ ሳነሳ አንዲት ጠብታ በሹራቤ አንገትጌ ላይ ወረደች፤ እኔም ነገሬ ሳልላት ቀረሁ። በመጀመሪያው ምስል ላይ ከጨጓራዬ በላይ፣ ደረቴ መሃል ላይ የምትመስል ደማቅ ነጥብ ታየች። ባለሙያዋ መድኃኒቱ ጉሮሮዬ ውስጥ ተጣብቋል ብላ ውሃ አስጠጣችኝ፤ ነጥቧ አልተነቃነቀችም። ደግማ አስጠጣችኝ፤ አሁንም እዚያው ናት። በመጨረሻ ሹራቤን እንዳወልቅ ስታደርግ ነጥቧ ከደረቴ ጠፋች፤ ሹራቡን ብቻውን ካሜራው ፊት ስትዘረጋው ግን አንገትጌው ላይ በራች። እኔ እየሳቅኩ ነበር፤ እርሷ ግን አልሳቀችም፤ ምክንያቱም ስሌቱ የሚጀምረው የመጀመሪያውን ምስል መቶ በመቶ ብሎ ነው፤ ከጠጣሁት ውስጥ ጥቂቱ ሹራቤ ላይ ከቀረ መቶው መቶ አይደለም። የዚያ ቀን ልኬት ተጣለና በሌላ ሳምንት እንድደግም ተቀጠርኩ። ሹራቡ በእርሳስ በተሸፈነ ሣጥን አድሮ በማግስቱ ተመለሰልኝ። እንዲህ ላለ ምርመራ የሚሄድ ሰው ቢፈስበት ሳያፍር ወዲያውኑ ይናገር፤ የሚቀይረው ልብስም ይዞ ቢሄድ አይከፋም።

ፎቶው ለምን ከፊትም ከኋላም እንደሚነሳ የገባኝ በዚያው ሰሞን ነው። ጨጓራ ቀጥ ብሎ የተሰቀለ ከረጢት አይደለም፤ የላይኛው ክፍሉ ወደ ጀርባ፣ የታችኛው ክፍሉ ወደ ሆድ ፊት ያዘነብላል። ምግቡም ሆነ መድኃኒቱ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ወደ ፊተኛው ካሜራ እየተጠጋ ስለሚሄድ፣ ከፊት ብቻ ቢለካ ጨጓራው ከመጉደል ይልቅ የሞላ ይመስላል። ስለዚህ የፊትና የኋላ ቆጠራዎች ተባዝተው የውጤቱ ስኩዌር ሩት ይወሰዳል፤ በዚያ ላይ ጨረሩ በራሱ ጊዜ የቀነሰው መጠን ተሰልቶ ይታረማል። ይህ እርማት ካልተደረገ ጨረሩ በራሱ ጊዜ የቀነሰው ከጨጓራ የወጣ መስሎ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ እንዲህ ያለ ጥናት የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታልና። ካሜራው የሚያየው መድኃኒቱን ሳይሆን በመድኃኒቱ ላይ የታሰረውን ምልክት ነው። አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ በሽሮፑ ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ቅንጣት ሆኖ ቴክኒሺየሙን በላዩ ይይዛል፤ አሲድ ሲያገኘው ግን እርሱ ራሱ እየሟሟ ይሄዳል፣ ሥራውም ይኸው መሟሟቱ ነውና። ቅንጣቱ ከሟሟ ምልክቱ ለብቻው ሊንሳፈፍ ይችላል። ስለዚህ ቡድኑ ለሰው ከመስጠቱ በፊት ምልክት የተደረገበትን ሽሮፕ እንደ ጨጓራ አሲድ ካለ ፈሳሽ ጋር በሙቀት ያንቀጠቅጠውና በሴንትሪፊውጅ አሽከርክሮ ጨረሩ ከዝቃጩ ጋር ወርዷል ወይስ ከላይ በፈሳሹ ቀርቷል ብሎ ይለካ ነበር። ያን ፈተና ያልጠቀሰ ጥናት ሲያጋጥመኝ ዛሬም በጥርጣሬ ነው የማነበው።

ሦስተኛው ጠዋት ከምግብ በኋላ ነበር። በልቼ ልክ አንድ ሰዓት ሲሆነኝ ያንኑ ሽሮፕ በዚያው መጠን ጠጣሁ። ልዩነቱ ለባለሙያዋ አዲስ ባይሆንም እኔን አስገረመኝ፤ በባዶ ሆድ ጨጓራው ባዶ ሆኖ በታየበት ሰዓት አሁን ገና ብሩህ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላም የሚታይ ቅሪት ነበረው። ጨጓራ ፈሳሽን ወዲያው ያሳልፋል፤ ጠጣር ምግብን ግን መጀመሪያ ይፈጨዋል፣ ከአንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር በታች እስኪደቅም ድረስ በመውጫው በር አያሳልፈውም። ከምግቡ ጋር የተቀላቀለ ሽሮፕም በከፊል አብሮ ይዘገያል። አሲዱን ራሱን በመለካት የተሠሩ የቆዩ ጥናቶችም ከዚህ ጋር ይስማማሉ፦ በባዶ ሆድ የተወሰደ የአሲድ ማርከሻ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ሲሠራ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተወሰደው እስከ ሦስት ሰዓት ያገለግላል።

አልጂኔት ያለበት የቃር መድኃኒት ደግሞ ጠባዩ የተለየ ነው። ከባሕር አረም የሚገኘው አልጂኔት አሲድ ሲያገኘው እንደ ሙጫ ይረጋል፤ አብሮት ያለው ባይካርቦኔት የሚፈጥረው ጋዝ በዚያ ሙጫ ውስጥ ተይዞ እንደ ድፍድፍ አንሳፎ በምግቡ ላይ ያስቀምጠዋል። ይህንን ለማሳየት ተመራማሪዎች ሁለት ምልክቶችን በአንድ ጊዜ ይጠቀማሉ፤ ምግቡን በቴክኒሺየም፣ መድኃኒቱን ኢንዲየም በተባለ ሌላ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ምልክት አድርገው፣ የሁለቱ ጨረሮች ጉልበት ስለሚለያይ ካሜራው ለየብቻ ያያቸዋል። ከምግብ በኋላ የተወሰደው አልጂኔት ከላይ ተንሳፎ ይቆይና ከምግቡ ኋላ ይወጣል፤ በባዶ ሆድ ከተወሰደ ግን የሚንሳፈፍበት ነገር ስለማያገኝ እንደ ማንኛውም ፈሳሽ ይሄዳል። ውድ መድኃኒት ገዝቶ በባዶ ሆድ የሚጠጣ ሰው ሳይ የምበሳጨው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለደንበኞቼ የምነግራቸው ይህንን ነው፦ ሽሮፑን ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ይውሰዱ፤ ካስፈለገ በሦስተኛው ሰዓትና ሲተኙ ይድገሙት። ጠርሙሱን ሳይነቀንቁ አይቅዱ፤ ዋናው መድኃኒት ከታች ይዘቅጣልና። አሉሚኒየሙ ሆድ ያደርቃል፣ ማግኒዚየሙ ያላላል፤ ሁለቱ አብረው የሚቀላቀሉትም ለዚህ ነው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሁለቱንም ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ። የደም ማነስ ብረት ኪኒን ወይም ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰው ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይጠብቅ፤ የእንቅርት ሆርሞን ኪኒን የሚወስድ አራት ሰዓት፤ ሲፕሮፍሎክሳሲንን ደግሞ ከሽሮፑ ሁለት ሰዓት በፊት ወይም ስድስት ሰዓት በኋላ ይውሰደው፤ አለበለዚያ ሽሮፑ መድኃኒቶቹን ይዟቸው ይወጣል። ወተት ለጊዜው ያበርዳል፤ ነገር ግን ራሱ አሲድ ያስመነጫል። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ደም ያስታወከ፣ ሲውጥ የሚያግደው ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ሲመጣ ሽሮፕ አልሸጥለትም። ባለፈው ክረምት «ቃር ነው» ብሎ የመጣ ሹፌር ላብ ያጠምቀው ነበር፤ ሕመሙም ወደ ግራ ክንዱ ይወርድበት ነበር። ሆስፒታል ሲደርስ የልብ ሕመም ሆኖ ተገኘ።

ምርመራው በሕክምና መልኩ ወደ ቤተሰቤ የመጣው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ገላን የምትኖረው ታላቅ እህቴ ለብዙ ዓመት የስኳር ሕመምተኛ ናት። ጥቂት ጉርሻ ስትበላ ትጠግባለች፣ ማታ የበላችው ጠዋት ያስታውካታል፤ እርሷ ግን ጨጓራ ነው ብላ ሽሮፕ በላይ በላይ ትጠጣ ነበር። ሐኪሟ ጨጓራዋ ምግብ የማሳለፍ አቅሙ ደክሞ ሊሆን ይችላል ብሎ ጠርጥሮ ያንኑ ዓይነት ምርመራ አዘዘላት። ከመደበኛው የምርመራ ምግብ ዋናው የእንቁላል ነጭ ነው፤ ሰልፈር ኮሎይድ የተባለው የቴክኒሺየም ዓይነት በጥሬው እንቁላል ውስጥ ተቀላቅሎ አብሮ ሲጠበስ ፕሮቲኑ ይረጋና ምልክቱን ይይዘዋል፤ በተጠበሰ እንቁላል ላይ ቢንጠባጠብ ግን በአሲድ ታጥቦ ፈሳሽ ሆኖ ይወጣና ውጤቱ ይሳሳታል። ቀጠሮዋ የዋለው ዐቢይ ጾም ላይ ነበር። «እንቁላሉን በሌላ ነገር ቀይሩልኝ» ብትልም ምግቡ ከተቀየረ ውጤቱ ከተለመደው መለኪያ ጋር አይነጻጸርም ተባለች። የንስሐ አባቷን ስትጠይቅ «ልጄ፣ መድኃኒት ነው፤ ውሰጂው» አሏት፤ ያ ነው የገላገለን።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ግን ከሸፈ። በሌሊት ተነስተን፣ ሁለት ታክሲ ቀይረን፣ ሆስፒታሉ በራፍ ላይ ጎሕ ሲቀድ ብንደርስም ቴክኒሺየሙ አልነበረም። ይህ ንጥረ ነገር የሚገኘው ሞሊብደነም-99 ካለበት ጄኔሬተር ነው፤ ጨው ያለበት ውሃ በውስጡ ሲያልፍ ቴክኒሺየሙን አጥቦ ይወጣል፤ ባለሙያዎቹም «ማለብ» ይሉታል። ሞሊብደነሙ ራሱ በ66 ሰዓት በግማሽ ስለሚቀንስ ለወር ተገዝቶ መጋዘን ሊቀመጥ አይችልም፤ ከውጭ በአውሮፕላን የሚመጣው ከዘገየ ምርመራው ይቀራል። ይህን እንረዳለን፤ ያልተረዳነው ግን ከዋዜማው ደውሎ «ነገ አትምጡ» የሚል አንድ ሰው መጥፋቱ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ባዶ ሆድ አድራ እስከ ረፋድ ተቀምጣለች። ስለዚህ እናንተ ከዋዜማው ከሰዓት በኋላ ራሳችሁ ደውላችሁ ጄኔሬተሩ መድረሱን ጠይቁ።

ሁለተኛው ጊዜ ተሳካ። የሚያዘጋጃት ነገር ጥቂት ነው፤ ጨጓራን የሚያፋጥኑ እንደ ሜቶክሎፕራማይድ ያሉ፣ ወይም የሚያዘገዩ እንደ ትራማዶል ያሉ መድኃኒቶችን በሐኪሟ ፈቃድ ከሁለት ቀን በፊት አቁማ ነበር፤ ሽሮፑንም እንደዚሁ፣ አሉሚኒየም የጨጓራን ጡንቻ የሚያላላና መውጣቱን የሚያዘገይ ስለሆነ። የደም ስኳሯ ጠዋት ተለካ፤ ከ275 በላይ ቢሆን ኖሮ ምርመራው ይተላለፍ ነበር፣ ምክንያቱም ከፍ ያለ ስኳር ብቻውን ጨጓራን ያዘገያል። የእንቁላል ነጭ ጥብስ፣ ሁለት ቁራሽ ዳቦ ከማርማላታ ጋርና 120 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀረበላት፤ በ10 ደቂቃ መጨረስ ነበረባት። ከዚያ ወዲያው፣ በአንደኛው፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ሰዓት ፎቶ ተነሳች፤ በመካከሉ ነጠላዋን ተከናንባ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንዴ ዳዊት ትደግማለች፣ አንዴ «ምነው አልጨረሱም» ትለኛለች። አራት ሰዓቱን ሳይጠብቁ የሚለቁ ቦታዎች አሉ ሲባል እሰማለሁ፤ አትቀበሉ፤ ዘግይቶ የሚታየው ድክመት የሚገለጠው በዚያ በመጨረሻው ምስል ነውና። በጤነኛ ሰው በአራተኛው ሰዓት ከምግቡ ጨጓራ ውስጥ የሚቀረው ከመቶ 10 እጅ አይበልጥም። በእርሷ 24 እጅ ቀርቶ ተገኘ።

ስለ ጨረሩ እኔን ደጋግማ የጠየቀችኝን እነሆ፦ ሰውነት የሚቀበለው ጨረር በሚለካበት በሚሊሲቨርት ሲሰላ፣ የምግቡ ምርመራ ወደ አንድ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ሰው ከመሬት፣ ከአየርና ከሰማይ በተፈጥሮ የሚያገኘው በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ እሆናለሁ ብላ የምትጠረጥር ወይም የምታጠባ ግን አስቀድማ ለባለሙያው መንገር አለባት። የቀረው ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ መጸዳጃ ቤቱን በደንብ ማፍሰስና እጅን መታጠብ ይበቃል።

እህቴ አሁን በቀን አምስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ትበላለች፤ አሉሚኒየም ያለበትን ሽሮፕ ሐኪሟ አስቁሟታል። ማስታወኩ ቀንሷል፣ አልጠፋም። እኔ ደግሞ ከመድኃኒት ቤቴ የሚወጣውን እያንዳንዱን የጨጓራ ሽሮፕ ካርቶን፣ በላዩ ያለውን የእንግሊዝኛ መመሪያ የሚያነብ ስለሌለ፣ በእስክሪብቶ «ነቅንቀው፤ ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ» ብዬ ሳልጽፍበት አልሰጥም። ባለፈው ሳምንት አንድ ሹፌር ካርቶኑን አገላብጦ «ዶክተር፣ እኔ መንገድ ላይ የምበላው በቀን አንዴ ነው፤ ሌላውን ጊዜ ምን ላድርግ?» ሲል ጠየቀኝ። ምግቡን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በሌላ ጊዜ መኪናውን ሲያቆም እንዲበላ መከርኩት፤ ሳቀና «ጎማ ስቀይርም ልብላ?» አለኝ።